ለአቶ ደምሴ የተገዛ ጋቢ

እዚህ አሜሪካ በፌርፋክስ ጎዳና ከሚመላለሰው ሐበሻ ሁሉ የበረዶ ሆኪ እያየ ስቅስቅ ብሎ ያለቀሰ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ወሬው እስካሁን አልበረደም። ሰውም ሲያወራው የራሱን ቅመም ይጨምርበታል፤ አንዱማ በቅርቡ ከኋላዬ ተቀምጦ "ራሱን ስቶ በአምቡላንስ ተወሰደ" ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ እውነቱን ራሴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ራሴን አልሳትኩም፤ አምቡላንስም አልመጣም። ማልቀሴ ግን እውነት ነው፤ ያውም የስዊድንን ቡድን እየደገፍኩ።

ነገሩ የሆነው ሰው ሁሉ በስልኩ መኪና መጥራት ለምዶ፣ የፌርፋክስ ታክሲ ነጂዎች ከመሪያቸው ይልቅ ከማኪያቷቸው ጋር መዋል በጀመሩበት ዓመት ነው። እኔ ብርሃኑ ደምሴ ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሚድ ዊልሻየር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ፓርኪንግ ተቆጣጣሪ ነኝ። ከሥራ ስወጣ የማመሸው እትዬ ሙሉ ምግብ ቤት ሲሆን እዚያ ብርሃኑ ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ ስሜ ኮሜንታተር ነው። በቴሌቪዥን ኳስ ሲመጣ ድምፁን አስቀንሼ እኔው አስተላልፋለሁ። እግር ኳስ በእርግጥ አውቃለሁ። ችግሩ ሰው አንዴ አዋቂ ብሎ ከሰየመህ በኋላ የማታውቀውንም የማወቅ ግዴታ አለብህ። ቦክስ ተንትኛለሁ፤ ቴኒስ ተንትኛለሁ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም የውሃ ዋና ተንትኜ ሰው አጨብጭቦልኛል። አላውቅም የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባችሁም። ስዊድን አገር ታላቅ ወንድም አለኝ። ዘሪሁን ይባላል፤ ወንድም ጋሼ እያልኩት ነው ያደግኩት። በዚያ ዓመት ካኮረፍኩት አስራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር።

የተጣላነው በአባታችን ነው። አሜሪካ ገብቼ፣ የጥገኝነት ቃለ መጠይቄን ጨርሼ፣ ወረቀቴን ባገኘሁ በሳምንቱ እሑድ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ ሦስት ሆኖ የሚመጣ ሰው እንኳን ደስ አለህ ሊል እንዳልመጣ ማንም ያውቃል። አባቴ ሞቷል። መቼ? ሦስት ወሩ። ማን ነገራችሁ? ወንድምህ ከስዊድን ደውሎ።

ሦስት ወር! በእነዚያ ሦስት ወራት ሠርግ ላይ ጨፍሬያለሁ። ለአባቴ ሸሚዝ መርጬ፣ አንገቱ ይጠብበው ይሆን ብዬ ተጨንቄ፣ በሰው ልኬያለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ለዘሪሁን ደወልኩ።

"ወንድም ጋሼ፣ አውቀህ ነበር?" አልኩት።

"አዎ" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ። አንዲት "አዎ" አስራ ስምንት ዓመት ፈጀች።

አባቴን በወጉ አላለቀስኩለትም። ድንኳን የለ፣ አልቃሽ የለ፣ ስሙን እየጠራ ደረቱን የሚመታ ዘመድ የለ። ኢንግልዉድ ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ ውስጥ፣ ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራብን ከጥቂት የአገር ልጆች ጋር ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ሦስት ቀን ተቀመጥን። ከዚያ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ደብረ ብርሃን ያለችው ታላቅ እህታችን እታለም ጥሩወርቅ በየእሑዱ ስደውልላት የዘሪሁንን ስም ካነሳች "እታለም፣ ካርዱ ሊያልቅ ነው" እላታለሁ። የስልክ ካርድ ከገበያ ጠፍቶ ሰው ሁሉ በነጻ መደወል ከጀመረ በኋላ እንኳ የእኔ ካርድ ማለቁን አላቆመም። ዘሪሁን ይውለድ፣ ይክበር፣ ይክሳ፣ የማውቀው አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሙሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልካቸውን ይዘው ወደ ጠረጴዛችን መጡ።

"ኮሜንታተር፣ እስቲ ይሄን እየው። የኛ ልጅ ነው፤ ለስዊድን ይጫወታል።"

ሰማያዊና ቢጫ ማሊያ የለበሰ፣ ቆቡን በብብቱ የያዘ ጠይም ረጅም ልጅ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ የስዊድን ታዳጊዎች ብሔራዊ ቡድን፣ የበረዶ ሆኪ፣ ኤልያስ ደምሴ፣ አስራ ስምንት ዓመት። ቅዳሜ ከሰዓት በርባንክ በኩል ባለ የበረዶ ሜዳ ከአሜሪካ ታዳጊዎች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አላቸው።

"ደምሴ ያንተም አባት ስም አይደል?" አሉኝ እትዬ ሙሉ።

"እንግዲያው ልጁ ወንድሜ ነዋ!" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ያልሳቁት ጋሼ ተክሌ ብቻ ናቸው። ጋሼ ተክሌ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ሲሆኑ፣ ያን እሑድ በሬን ካንኳኩት ሦስት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ናቸው።

"ስዊድን ያለው ወንድምህ ልጅ የለውም?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ቢኖረውስ ጋሼ? እገሌ ዘሪሁን ይባላል እንጂ እንዴት ደምሴ ይባላል?"

በዚህ ማንም አልተከራከረኝም። እኛ ዘንድ የሰው ሁለተኛ ስም የአባቱ ነው። ኤልያስ ደምሴ ማለት ደምሴ የወለደው ኤልያስ ማለት ነው፤ አለቀ። ይህን ስንል ያንን ጠረጴዛ የከበብነው ሰዎች የአሜሪካ መታወቂያ በኪሳችን ነበር፤ ግማሾቹም ልጆቻቸው ትምህርት ቤት በአያታቸው ስም ነው የሚጠሩት። እዚህ አገር ልጅ የሚወርሰው የአባቱን የመጨረሻ ስም መሆኑን በየዓመቱ ፎርም እየሞሉ የሚያውቁ ሰዎች፣ ስዊድንም እንደዚያው ሊሆን እንደሚችል አንዳቸውም አላሰቡም። እኔም ያው።

አባትየውን እንዲህ አድርገን አገኘናቸው። አቶ ደምሴ ሆኑ፤ እኛም ኮሚቴ ሆንን።

የኮሚቴው የመጀመሪያ ጉዳይ ባንዲራ ነበር። ኮከብ ያለው ይሁን የሌለው በሚለው ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን፤ አንድ ሰው ሁለተኛ እዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም ብሎ ወጥቶ፣ ጃኬቱን ረስቶ ኖሮ ተመለሰ። በመጨረሻ ልጁ የሚጫወተው ለስዊድን ስለሆነ የስዊድን ባንዲራ ይገዛ ተባለና ሁሉም እጁን አወጣ። እኔ በዕድሜዬ ሐበሻ በባንዲራ ሲስማማ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስጦታ ነበር። "ልጁን እነሱው ይሸልሙታል" አሉ እትዬ ሙሉ። "እኛ ማክበር ያለብን አባቱን ነው። በሰው አገር እንዲህ ያለ ልጅ ማሳደግ ቀላል ነው?" ብለው ከጎረቤት ሱቅ ወፍራም፣ ጥለቱ የሚያምር ጋቢ ገዙ። ንግግር አድራጊ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዓርብ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ። "የተከበሩ አቶ ደምሴ ሆይ" ብሎ ነው የሚጀምረው።

ቅዳሜ ሠላሳ ሰባት ሆነን በአሥራ አንድ መኪና ወጣን። ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል። ሴቶቹ የሐበሻ ቀሚስ፣ ወንዶቹ ስስ ሸሚዝ በነጠላ ለብሰናል። የበረዶ ሜዳ በረዶ አለው ብሎ ያሰበ አልነበረም። በሩን ከፍተን ስንገባ ቅዝቃዜው ፊታችንን በጥፊ አለን። እትዬ ሙሉ ወዲያው የአቶ ደምሴን ጋቢ ከላስቲኩ አውጥተው "ላሙቅለት ብዬ ነው" እያሉ ተከናነቡት።

"ኮሜንታተር፣" አለኝ አንዱ ታክሲ ነጂ በጆሮዬ፣ "እኛ ሲትዝን ነን፤ እጃችንን አንስተን ምለናል። አሜሪካን አጌንስት አድርገን ብንጮህ ፕሮብሌም የለውም?"

"ኧረ ፍሪ ካንትሪ ነው፤ ጩህ!" አሉት ጋሼ ተክሌ።

ልጆቹ ወደ ሜዳው ሲወጡ ፊታቸው ሁሉ በሽቦ ተሸፍኗል። ማን ሐበሻ፣ ማን ፈረንጅ እንደሆነ አይለይም። እግዜር ይስጣቸው ጀርባቸው ላይ ስም አለ። ደምሴ የሚል ከአንዱ ሰማያዊ ማሊያ ላይ አነበብንና እልልታው ጣሪያውን ነካው። የአሜሪካ ልጆች ወላጆች ዞር ዞር እያሉ አዩን፤ ደግነቱ ፈገግ አሉ።

ጨዋታው ተጀመረ፤ እኔም ትንታኔዬን ጀመርኩ። ገና ደቂቃ ሳይሞላ ደምሴ ወደ ዳር ሄዶ፣ ግድግዳውን ዘሎ ተቀመጠ።

"ምነው ወጣ?" አሉኝ።

"አሠልጣኙ ቀየረው። ጉልበት አልተመጣጠነለትም። በቃ፣ ዛሬ አይገባም" አልኩ በእርግጠኝነት።

"ዘረኝነት ነው!" አለ አንዱ። ሠላሳ ሰባት ሰው በአማርኛ አሠልጣኙን መስደብ ሲጀምር ደምሴ ተመልሶ ዘሎ ገባ። ከደቂቃ በኋላ ወጣ። ደግሞ ገባ። ሆኪ ለካ ተጫዋቾቹ እየተፈራረቁ በየደቂቃው የሚገቡበት የሚወጡበት ጨዋታ ነው። ያን ቀን ከኮሜንታተርነት ማዕረጌ ግማሹ ተገፈፈ።

ቀሪውን ግማሽ የወሰዱት ጋሼ ተክሌ ናቸው። ሁለት ልጆች ተላትመው ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ "ይሄ እኮ የኛው ገና ነው! ዱላው ያው፣ ሩሯ ያችው፤ እነሱ በበረዶ ላይ አደረጉት እንጂ! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!" አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ሆነ።

ገና ሲሉ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ለእኔና ለዘሪሁን በየዓመቱ ከወይራ ቅርንጫፍ የገና ዱላ ይጠርብልን ነበር። የእኔን ሁልጊዜ አጠር፣ ቀለል አድርጎ ነው የሚሠራው። ሐሳቡን ለማባረር ተነሣሁና ጭብጨባውን መምራት ጀመርኩ።

"ደምሴ!" ብዬ ጮህኩ።

"ደምሴ!" አሉ ሁሉም።

"ደምሴ!"

ሦስተኛው ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። የአባቴን ስም ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም፤ በሕይወት ሳለ ነውር ስለሆነ፣ ሲሞት ጎረቤት ፈርቼ። ብርዱ ጉሮሮዬን ያዘኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ አልቆ አንድ መኪና በረዶውን እየዞረ ማለስለስ ሲጀምር እትዬ ሙሉ አቶ ደምሴን አፈላልገው አገኙ። ከስዊድኖቹ መሃል፣ ከፊት ረድፍ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ አንድ ሐበሻ ብቻውን ተቀምጧል። ጀርባውን ነው የምናየው፤ መላጣ ቢጤ ነው። ጋቢውን አጣጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ንግግሬን ከኪሴ አወጣሁ። እሳቸው ከፊት፣ ጋሼ ተክሌ ከመሃል፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወረድን።

"ጤና ይስጥልን" አሉ እትዬ ሙሉ ጎንበስ ብለው። "የልጁ አባት አቶ ደምሴ እርስዎ ነዎት?"

ሰውየው ተነሣ።

"አባቱስ ነኝ፤ ዘሪሁን እባላለሁ" አለ። "ደምሴ የኔ አባት ነው። እሱ አርፏል።"

ዞር ሲል አየሁት። አየኝ።

አስቡት እንግዲህ። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ የኮነንኩት፣ መርዶውን በጊዜው ከራሱ አፍ ስላልሰማሁ ነው። አሁን በርባንክ፣ በበረዶ ዳር፣ ጋቢ ታቅፌ ቆሜ ከራሱ አፍ ሰማሁት። "የተከበሩ አቶ ደምሴ ሆይ" የሚለው ወረቀት እጄ ላይ ነው። እትዬ ሙሉ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። ግንባራችን አንድ ነው፤ ማንም ያየዋል።

"ብርሃኑ" አለ ዘሪሁን።

ጋቢውን ባዶው መቀመጫ ላይ አስቀመጥኩና ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ከኋላዬ "ከጨዋታው በኋላ ቀጥታ ኤርፖርት ነው የምንሄደው!" ሲል ሰማሁት። ሰምቼ ግን አልቆምኩም።

ሰው ሲጨንቀው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ እኔ ፓርኪንግ ሄድኩ። እዚያ ሙቀት ውስጥ መኪናዬን ተደግፌ፣ ሰው መስመር ሳይጠብቅ ፓርክ ያደረገውን መኪና እየቆጠርኩ ሁለተኛው ሃያ ደቂቃ አለፈ። ውስጥ "ደምሴ! ደምሴ!" ይላሉ፤ በግድግዳው ታፍኖ ይሰማኛል። ልሂድ አልኩ። ቁልፉን አወጣሁ። ብሄድ የሚከለክለኝ የለም፤ የቡድኑ አውቶቡስ ይሄዳል፣ አውሮፕላኑ ይነሣል፣ እኔም ኩርፊያዬን እንደያዝኩ እሞታለሁ። ደግሞ ቁልፉን መለስኩት። እንዲህ ሳወጣና ስመልስ ጋሼ ተክሌ ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ።

"አትምከሩኝ ጋሼ" አልኳቸው። "ሦስት ወር ነው የደበቀኝ።"

"አልመክርህም" አሉና አጠገቤ መኪናውን ተደገፉ። "አንድ ነገር ልንገርህ ብዬ ነው። ያን ጊዜ ከስዊድን ሲደውል ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ወንድምህ መናገር አቅቶት ነበር። ሰዎች ይዘውት ነው የሚያወራው። እኔው ነኝ ተዝካር እንዳለፈ ሰው ሳይሆን ዛሬ እንደተረዳ ሰው ያባበልኩት። በዕድሜዬ ብዙ መርዶ ተናግሬያለሁ፤ ብዙም ሰምቻለሁ። ሦስት ወር ያደረ ሐዘን እንደዚያ አይጮህም። ትኩስ ነበር።"

"ራሱ ነው 'አዎ' ያለኝ! ጠይቄው 'አዎ' ነው ያለኝ!"

"እንግዲህ ለምን እንዳለህ እኔ አላውቅም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ? የሚመስለኝን? ደግሞስ በየት በኩል? ስሙ ሲነሣ አንተ ካርድህ ያልቃል።" ሰዓታቸውን አዩ። "ሦስተኛውና የመጨረሻው ዙር ተጀምሯል። ሃያ ደቂቃ ነው ያለህ። እኔ እግሬን ያመኛል፤ ደግፈኝና እንግባ።"

እግራቸውን አያማቸውም። ደግፌያቸው ገባሁ።

ዘሪሁን እዚያው ተቀምጧል። ጋቢው አጠገቡ መቀመጫ ላይ እንዳስቀመጥኩት አለ፤ አልነካውም። ጋቢውን አንሥቼ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ወደ በረዶው አየን።

"ወፍረሃል" አለኝ።

"አንተም ተመልጠሃል።"

"የአባባን ነው። አንተም አይቀርልህም።"

ደምሴ፣ ማለቴ ኤልያስ፣ በፊታችን በፍጥነት አለፈ። ጀርባው ላይ የአባቴ ስም አለ። አሁን የማን እንደሆነ ሳውቅ ፊደሎቹ ትልቅ ሆኑብኝ።

"መቼ ነው የሰማኸው?" አልኩት።

የካፖርቱን ኮሌታ አቀና።

"ዘሪሁን፣ የአባባን ሞት መቼ ነው የሰማኸው?"

"ቅዳሜ።"

"የቱ ቅዳሜ?"

"አንተ እሑድ ተረዳህ አይደል? የዚያ ዋዜማ።"

"'አውቀህ ነበር?' ስልህ 'አዎ' አልከኝ እኮ!"

"በአንድ ቀን ቀድሜህ አውቄ ነበር" አለ። ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሣ ነገረኝ። የደበቀችው እታለም ናት። የዘሪሁን ሚስት ይህንን ልጅ አርግዛ ሰባተኛ ወሯ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ይጠብቀኛል። አባባን ብቻዋን አስታመመች፣ ብቻዋን ቀበረች፣ ብቻዋን ተዝካር አወጣች። በየሳምንቱ ስንደውል "አባባ ተኝቷል"፣ "አባባ ቤተ ክርስቲያን ነው" እያለች አናገረችን። ሸሚዙ ደርሷል ወይ ስላት "ልክክ ነው ያለለት" ያለችኝ ትዝ አለኝ። ልጁ ተወልዶ የእኔም ወረቀት ሲያልቅ ለዘሪሁን ነገረችው። እሱ ለሽማግሌዎች፣ እነሱ ለእኔ።

"ታዲያ እሷ ናት አትለኝም ነበር?" ድምፄ ከፍ አለ። "አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ!"

"ከእኔ ጋር ብትጣላ የምትዘጋው ስልክ ነው" አለ ዘሪሁን። "ከእሷ ጋር ብትጣላ የምትዘጋው ቤታችንን ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት። በእሑድ በእሑድ የሚደውልላት አንተ ብቻ ነበርክ፤ እኔ በዚያን ጊዜ ሥራዬ እሑድ ነበር። አንተ ደግሞ ኩርፊያህን አውቀዋለሁ፤ ዓመት ይበቃዋል ብዬ ነበር።"

"ሳይበቃኝስ ሲቀር?"

"ከዚያማ አንተም ካርድህ እያለቀ፣ እኔም እልህ እየያዘኝ ሄደ።"

በዚህ መሃል ኤልያስ አንድ አሜሪካዊ ልጅ በዱላው ጠልፎ ጣለና ፊሽካ ተነፋ። ዳኛው ይዞት መጥቶ በፊታችን ካለችው የመስተዋት ሳጥን ውስጥ ብቻውን አስቀመጠው። ሁለት ደቂቃ ይቀጣል። የእኛ ሰዎች ግን ቅጣት መሆኑን አላወቁም፤ ልጃችን ታሰረ ብለው ሠላሳ አምስቱም ብድግ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩ። እትዬ ሙሉ ደረታቸውን እየመቱ "ደምሴ! ኧረ ደምሴ!" አሉ፤ ቀሪው ተቀበላቸው።

"ደምሴ! ደምሴ! ደምሴ!"

ነጭ በነጭ የለበሰ ሕዝብ ቆሞ፣ አንድ ላይ፣ ማንንም ጎረቤት ሳይፈራ የአባቴን ስም ሲጠራ ሰማሁ። ለቅሶው ይኸው መጣ። አስራ ስምንት ዓመት ዘግይቶ፣ ድንኳኑ የበረዶ ሜዳ፣ አልቃሾቹ ማንን እንደሚያለቅሱ የማያውቁ፣ ግን መጣ። ጋቢው ላይ ተደፋሁ። ድምፄን አልቀነስኩም። ዘሪሁን ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለና እሱም ተንሰቀሰቀ። ከኋላ አንዱ፣ "ምነው ኮሜንታተር፣ ሁለት ደቂቃ እኮ ነው፤ ይፈታል!" ሲል ይሰማኛል።

አሜሪካ አምስት ለሁለት አሸነፈች። ኤልያስ አንድም ጎል አላገባም፤ ሁለት ጊዜ ተቀጣ። የእኛ ሰዎች እንዳሸነፈ ሰው እየጨፈሩ ወጡ።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቅ ኤልያስ ጸጉሩ በላብ እንደራሰ መጣ። "አጎትህ ነው" አለው ዘሪሁን። ልጁ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝና፣ ተጠንቅቆ፣ አንድ አንድ ቃል እየመረጠ በአማርኛ ጠየቀኝ።

"እነዚያ ሰዎች... አያቴን ያውቁታል?"

ልብ በሉ፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ደምሴ ማን እንደሆነ በትክክል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ስሙን ተሸክሞት ነው የዋለው። እኛ የእሱን አባት ስንጠራ፣ እሱ የሰማው አያቱ ሲጠራ ነው።

ዘሪሁንን አየሁት። "አዎ" አልኩት።

"ሁሉም?"

"አዎ።"

ደስ አለው። አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ በመስኮት እጁን አወዛወዘ፤ ሠላሳ ሰባታችንም አወዛወዝን። ዘሪሁን ሊወጣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ፣ "ለእታለም ማወቅህን እንዳትነግራት" አለኝ። "በአባባ ሞት ማልልኝ።"

"በአባባ ሞት፣ ወንድም ጋሼ" አልኩት።

ጋቢውን እኔ ይዤ ቀረሁ። ንግግሩም ሳይነበብ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ እሑድ እንደ ልማዴ ደወልኩ። እታለም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቷ አወራችኝ። ከዚያ እኔው "ዘሪሁን ደህና ነው?" አልኳት። መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

"ካርድህ አላለቀም?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ዛሬ ሞልቼዋለሁ፤ አውሪ" አልኳት። አንድ ሰዓት ተኩል አወራች።

እንግዲህ ይህ ነው የገጠመኝ። ምን ተለወጠብህ ብትሉኝ፣ በመጀመሪያ ሰው ስለ ሆኪ ሲጠይቀኝ "አላውቅም" እላለሁ። ወንድም ጋሼም በየሳምንቱ ይደውላል። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ተበዳይ ሆኜ መኖሬን ግን የሚመልስልኝ የለም። በዳይ ብዬ የያዝኩት ሰው ለካ በኔ ፋንታ የእህታችንን ምስጢር ተሸክሞ ቆሞ ነበር። እናንተም ያኮረፋችሁት ሰው ካለ፣ ያን "አዎ" ያለበትን ቀን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁት ለማለት ያህል ነው። እኔ አንዲት ጥያቄ መጨመር ነበረብኝ፤ መቼ የምትል።

ጋቢውን ለእታለም ላክሁላት። አባባን የቀበረችው እሷ ናት፤ የአቶ ደምሴ ጋቢ ለእሷ ይገባል። ከየት አመጣኸው ስትለኝ ሥራ ቦታ ሸለሙኝ አልኳት። የታረቅነውም በኤልያስ ሆኪ ምክንያት እንደሆነ ነግሬያታለሁ፤ ይሄ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ሸሚዙ ግን ልክክ ብሎ እንዳልነበረ ማወቄን አልነገርኳትም። ሦስት ወር ደበቁኝ ብዬ ቤት ይፍረስ ያልኩት ሰውዬ፣ ይኸው እኔ ራሴ ደባቂ ከሆንኩ ዓመታት አለፉ። በየእሑዱ እየሳቅኩ ነው የማወራት። እሷም ያኔ እንደዚሁ ትስቅ ነበር።

እዚህ ጽሑፍ ላይ ስሟን ቀይሬያለሁ፤ ጋቢውን ግን አልቀየርኩም። ደብረ ብርሃን ላይ ጥለቱ የሚያምር ወፍራም ጋቢ የደረበች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት አግኝታችሁ ስለ ወንድሟ ብታወራችሁ፣ ስለ ሆኪው ያሻችሁን ንገሯት። ራሱን ስቶ በአምቡላንስ ተወሰደ ብትሏትም አይከፋኝም። የቀረውን ግን አደራ፤ እናንተም አልሰማችሁም።